«አምናም ትቼው ነበር» ለምትል ወንድሜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ብዙ ወንድሞች፣ እኅቶችም ጭምር፣ ለማንም ሳይነግሩ በልባቸው የሚይዙት አንድ ውሳኔ አለ። ሥጋውንና ቅቤውንማ ሁሉም ይተዋል። እነርሱ ሊተዉ የሚያስቡት ከሥጋና ከቅቤ ይልቅ የሚከብዳቸውን ሲጋራን ነው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ይህን ሲወስኑ የመጀመሪያቸው አይደለም። አምና በዘወረደ ሳምንት ትተው ነበር፤ ካቻምናም በፍልሰታ ትተው ነበር። ታዲያ ዘንድሮ ሐሳቡ ገና ብቅ ሲል ከኋላው አንድ ድምፅ ይከተለዋል፤ «ኧረ ተወው! ስንቴ ሞከርከው? አንተ እንደሆንክ ያው ነህ።»

ይህች አጭር ትምህርት ለዚያ ሰው ናት። ሲጋራ ጎጂ መሆኑን ልንነግረው አልተነሣንም። እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሌሊት የሚያስለው እርሱ ነው፤ ልጁ «አባዬ አፍህ ይሸታል» ብላ ፊቷን ያዞረችበት እርሱ ነው፤ የፓኮውን ዋጋ ከቤት ወጪ ላይ የሚቀንሰውም እርሱ ነው። የምንነጋገረው ትቶ ስለ መመለስና ተመልሶም እንደገና ስለ መተው ነው።

38 ዓመት የቆየው ሰው

የጾሙን አራተኛ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን መጻጉዕ ብላ ሰይማዋለች። በዚህ ዕለት የምናስበው በኢየሩሳሌም፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር፣ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ነው (ዮሐ. 5፥1-15)። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። ይህ ሰው ዝም ብሎ የተኛ ሰው አልነበረም። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ሊገባ ይነሣ ነበር፤ እርሱ እስኪደርስ ግን ሌላው ይቀድመዋል። ይህንን ለጌታ የነገረው ራሱ ነው። እንግዲህ መጻጉዕ ሞክሮ ያልተሳካለት፣ ደግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት፣ እንዲያም ሆኖ ከመጠመቂያው ዳር ያልራቀ ሰው ነው። በ10ኛው ወይም በ20ኛው ዓመት «ለእኔ አልተፈቀደም» ብሎ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጌታ በመጣ ጊዜ እዚያ ባልተገኘ ነበር።

ጌታ መጀመሪያ የጠየቀው መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ነው። ለ38 ዓመት በሽተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ? ትሉ ይሆናል። ሲጋራ ለመተው የሚነሣ ሰው ግን ይህንኑ ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ መልሱ የሚያስበውን ያህል ቀላል አይሆንለትም። አንዱ ልቡ መተው ይፈልጋል፤ ሌላው ልቡ ደግሞ «ለክፉ ቀን» ብሎ አንዲት ፍሬ በካፖርቱ ኪስ ያስቀምጣል። ይህን የምንለው ልናሳቅቀው አይደለም። ያቺ አንዲት ፍሬ ያለችበትን ቦታ እርሱ ራሱ ስለሚያውቀው ነው።

በሽተኛው ሲመልስ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ይህችን ቃል ደጋግመን ልናስባት ይገባል። ሲጋራ ለመተው ከሚነሡት ብዙዎቹ ለሚስታቸውም፣ ለጓደኛቸውም፣ ለንስሐ አባታቸውም አይናገሩም። ምክንያቱም ደግሞ ግልጽ ነው፤ ካልተሳካ እንዳያፍሩ ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ግን ሊያወርዳቸው የሚችለውን ሰው በገዛ እጃቸው ያርቁታል።

ሦስተኛው ነገር አልጋው ነው። ጌታ ሰውዬውን ካዳነው በኋላ አልጋውን እንዲሸከም አዘዘው። እስከዚያች ቀን አልጋው ሰውዬውን ተሸክሞት ኖሯል፤ አሁን ሰውዬው ተሸከመው። እንዲህም ብለን ብናስበው አንሳሳትም፤ አልጋው እዚያው ተነጥፎ ቢቀር ኖሮ ነገ ሲደክመው ተመልሶ የሚተኛበት ቦታ ተዘጋጅቶ ጠበቀው ማለት ነው። ወንድሜ፤ አንተም አልጋህን አንሣ። ላይተሩን፣ መተርኮሻውን፣ በመሳቢያ ውስጥ የቀረችውን ፍሬ፣ በመኪናው ኪስ ያለውን ክብሪት ጾሙ ሳይገባ ከቤት አውጣ። «ባለበት ይቀመጥ፣ እኔ አልነካውም» ማለት ጀግንነት ይመስላል። አምናም እንዲሁ ብለህ ነበር አይደል?

ሐራራው ከየት ይመጣል?

ስለ ሱስ በመንፈሳዊ ጽሑፍ ሲነገር ሁሉንም ነገር «የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ የመዝጋት ልማድ አለ። ጥንተ ጠላታችን ዲያብሎስ በድካማችን በኩል መግባቱ እውነት ነው። ቢሆንም ሥጋችን ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ለተጋድሎው ይጠቅማል፤ ጠላቱ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ ዘበኛ አይተኛማ።

የትምባሆ ቅጠል ኒኮቲን የሚባል ነገር አለው። ጢሱ ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ ኒኮቲኑ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በዚያም የደስታ ስሜት የሚሰጠውን ዶፓሚን ያስለቅቃል። አንጎል ይህን እየለመደ ሲሄድ ያለ ኒኮቲን እንደ ጤነኛ መሥራት ያቅተዋል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሲቀንስ መነጫነጭ፣ ጭንቀት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በእኛ ቋንቋ ሐራራ የምንለው ይህ ነው። እንግዲህ «ሲጋራ ጭንቀቴን ያስወግድልኛል» የሚለውን ሰው እዩት፤ የሚያስወግድለት በአብዛኛው ያለፈው ሲጋራ ያመጣበትን ጭንቀት ነው። ሌባ የሰረቀህን ገንዘብ ከፍሎ አበደረህ እንደ ማለት ነው።

ሐራራው ብዙውን ጊዜ እጅግ የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለዝባል። አንድ ጊዜ የሚነሣው ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ብታጨስም ባታጨስም ያልፋል። አባታችን ሆይ እና እመቤታችን ማርያም ሆይን ረጋ ብለህ ደግመህ፣ ተነሥተህ ፊትህን ታጥበህ፣ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ያ ግፊት ሄዷል። ተመልሶ ይመጣል፤ ያም ያልፋል።

አሁን ቀኑን ቁጠረው። ጾሙ 55 ቀን ነው። በመጀመሪያው ሰኞ የተወ ሰው የመጻጉዕ እሑድ ሲደርስ 3 ሳምንት ሞልቶታል። ያን ዕለት ወንጌሉ ሲነበብ ቆሞ የሚሰማ ሰው ከሥጋው ትግል የሚከብደውን ክፍል ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ጾሙ ለዚህ ትግል ምን ያህል የተመቸ ጊዜ እንደ ሆነ ከዚህ እናስተውላለን።

ሰውነታችንም ቢሆን ምሕረት የሚያውቅ ሆኖ ተፈጥሯል። የመጨረሻው ሲጋራ ከጠፋ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መርገብ ይጀምራል። በ12 ሰዓት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ከከሰልም ጢስ የሚወጣው መርዝ፣ በደም ውስጥ ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ይወርዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሲጋራ የሚመጣው የልብ ደም ሥሮች ሕመም አደጋ ከሚያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይቀንሳል። 30 ዓመት ያጨሰም ቢሆን «አሁንማ አልፏል» የሚልበት ምክንያት የለውም።

ስንቴ ይሞከራል?

ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ደጋግሞ እንደሚወድቅ፣ ነገር ግን ወድቆ እንደማይቀር ጽፎልናል (ምሳ. 24፥16)። ልብ በሉ፤ እንዲህ የተባለው ስለ ኃጥእ ሳይሆን ስለ ጻድቅ ነው።

የዓለም ጥበብም ቢሆን ዛሬ ከዚህ ብዙ አልራቀም። በካናዳ ኦንታሪዮ የሚኖሩ አጫሾችን ተከታትሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ብዙ አጫሾች ለዘለቄታው እስኪተዉ ድረስ 30 እና ከዚያም በላይ ሙከራ ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ገምቷል። ይህ ቁጥር አንዳንዱን ያስደነግጠዋል። እኔን ግን ያጽናናኛል፤ 4 ጊዜ ሞክሮ «እኔ ከሰው የተለየሁ ደካማ ነኝ» ለሚለው ወንድም ገና መንገድ ላይ መሆኑን ይነግረዋልና። የዓለም ጤና ድርጅትም ያለ ምንም እርዳታ ከሚደረጉ ሙከራዎች የሚሳካው 4 ከመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን፣ የባለሙያ ምክርና መድኃኒት ሲጨመርበት ግን ዕድሉ ከእጥፍ በላይ እንደሚያድግ ይናገራል። እንግዲህ ብቻህን ታግለህ ብትወድቅ የሆነብህ በብዙዎች ላይ የሚሆነው ነው።

ስለ ስእለት

ከሁሉ ይልቅ ሰውን ከደጀ ሰላም የሚያርቀው ነገር ግን ሲጋራው ራሱ አይደለም። የፈረሰ ስእለት ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ወንድም እናስብ። የታክሲ ሹፌር ነው። በቅዱስ ሚካኤል ስም «ሁለተኛ አላጨስም» ብሎ ተሳለ። ቆየ፣ ቆየና አንድ ቀን አጨሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲያልፍ መሳለም ቀርቶ ፊቱን ወደ ሌላ ማዞር ጀመረ። ከብዙ ወራት በኋላ ንስሐ አባቱ መንገድ ላይ አገኙት እንበል።

«አባ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ። የት ጠፋህ?»

«ምን ብዬ ልምጣ አባ? ስእለት አፍርሼ! አላጨስም ብዬ ተስዬ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላኝ አጨስኩ።»

«ስንት ቀን ቆየህ?»

«71 ቀን።»

«ከዚያ በፊትስ ትልቁ ስንት ነበር?»

«አንድ ሳምንት ቢሆን ነው።»

«እና ልጄ፣ 71 ቀን የረዳህን አምላክ አመሰግናለሁ እንኳ ሳትለው ነው የቀረኸው?»

ሰይጣን በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚመታው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲጋራውን ያስጨስሃል፤ ቀጥሎ ስለ ሲጋራው ከቅዳሴው፣ ከንስሐው፣ ከጸሎቱ ያስቀርሃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታን 3 ጊዜ ካደ፤ ይሁዳም አሳልፎ ሰጠው። አንዱ አልቅሶ ተመለሰ፣ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። የተመለሰውን ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ 3 ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው እንጂ ክሕደቱን አንሥቶ አልዘለፈውም (ዮሐ. 21፥15-17)።

ስእለት ከባድ ነገር ነው፤ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል መጽሐፈ መክብብ ያስተምረናል (መክ. 5፥4-5)። ስለዚህ በንዴት ቀን፣ የመጨረሻዋን ቁራጭ እየረገጡ፣ «ሁለተኛ ባጨስ እንዲህ ይሁንብኝ» ማለት መልካም አይደለም። በራስ ላይ መርገምን መጥራት ደግሞ ጨርሶ የክርስቲያን ወግ አይደለም። ስእለት ያፈረሰም ሰው ፍርዱን ለራሱ አይስጥ፤ ወደ መምህረ ንስሐው ይሂድ፤ ቀኖናውን እርሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ለዕድሜ ልክ ከመማል ጠዋት ስትነሣ «ጌታ ሆይ የዛሬን አስጥለኝ» ማለት ይሻላል። ነገ ስትነሣ እርሱም ዛሬ ይሆናል።

የንስሐ አባት ሌላም የሚጠይቁት አላቸው። «በ71ኛው ቀን የት ነበርክ? ከማን ጋር ነበርክ?» ይላሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ድራፍት ቤት፣ ጫት የሚቃምበት ቤት፣ ወይም ከሚስት ጋር ከተጣሉ በኋላ በረንዳ ላይ። ይህን ማወቅ ትልቅ ሀብት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተው ሰው ይህ የለውም፤ አንተ አለህ። የተሰናከልክበትን ድንጋይ ታውቀዋለህና ዘንድሮ በዚያ መንገድ አትሂድ፤ መሄድ ግድ ከሆነብህም ብቻህን አትሂድ።

እኅቶቻችንን ደግሞ እዚህ ላይ ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ሴት ልጅ ስታጨስ ሰዉ የሚያያት በሌላ ዓይን ስለሆነ ተደብቃ ታጨሳለች፤ ስትተውም ተደብቃ ትተዋለች። የምትነግረው ሰው ከወንዱ ይልቅ ለእርሷ ይጠብባታል። ንስሐ አባት የሰሙትን አያወጡምና እኅቴ ሆይ፤ ቢያንስ በዚያ በር ግቢ።

የሙሴ ጸሊም መንገድ

ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው አባ ሙሴ ጸሊም ቀድሞ ወንበዴ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መንኩሶ ግብጽ ገዳም ከገባም በኋላ የድሮው ሐሳብና ፍትወት ወዲያው አልለቀቀውም። ፈተናው በጸናበት ጊዜ ወደ አባ ኤስድሮስ እየሄደ ያማክር ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግሞ። አባ ኤስድሮስም ወደ ጣሪያው አውጥተው ንጋቱን አሳዩት ይባላል፤ ጨለማው በአንድ ጊዜ እንደማይገፈፍ፣ ብርሃኑ ጥቂት በጥቂት እንደሚያሸንፈው። ሙሴ ጸሊም ቅዱስ የተባለው ከመነኮሰ በኋላ ፈተና ስላልነካው አልነበረም፤ ፈተናው በመጣ ቁጥር ወደ አባቱ ስለሄደ እንጂ።

በጾሙ ሰዓት

ጾመኛ አጫሽ አንድ የማያስተውለው ነገር አለ። ሲጋራ ያለ ምግብ ሰዓት ወደ አፉ አያስገባም። ማታ ከተኛበት ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ወይም እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፤ በሰሙነ ሕማማትና በስቅለት ከዚያም ይበልጣል። ታዲያ «ለአንድ ሰዓት እንኳ አልችልም» የሚለው ሰው በየዕለቱ 15 ሰዓት ያህል እየቻለ ነው! የቀረው ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። ለዚህ ነው ጠላት ከምግብ በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ የሚጠብቀው።

ቡናን ካነሣን አይቀር ይህችን ስሙ። የሲጋራ ጢስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሰውዬው ሲጋራውን ሲተው ይህ ፍጥነት ይቀንስና ያው የለመደው ቡና በሰውነቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ እርሱ ግን ሁሉንም ከሲጋራው መተው ይቆጥረዋል። ስለዚህ አቦል፣ ቶናና በረካ ይጠጣ የነበረ ለጊዜው በአቦል ይበቃው። ከቡናው ጋር ለእጁና ለአፉ ሥራ የሚሰጥ ቆሎ ይያዝ። የምግብ ፍላጎቱ መጨመሩም የታወቀ ነው፤ ሽሮውን በደንብ ቢበላ ማንም አይፍረድበት።

ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ። ብዙዎች በጠበል ቦታ 2 ሳምንት ሰንብተው አንዲት ሳያጨሱ ይመለሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ሰፈር ሲገቡ ነው፤ ያው ጓደኛ፣ ያው ሱቅ በደረቴ የያዘ ልጅ «ጋሼ እንደ ድሮው ነው?» ይላቸዋል። ስለዚህ ወደ ጠበል ስትሄድ የመመለሻህንም ቀን አስበህ ሂድ። ጠበል መጠመቅ ሐኪም ከማማከር አይከለክልም። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊውም ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን መድኃኒት በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ሐራራውን ያለዝባሉ፣ የሲጋራው ጢስና ሬንጅ ግን የለባቸውም። አገራችን ውስጥ በየፋርማሲው ላይገኙ ይችላሉና አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ማስቲካውን በጾም ሰዓት ስለ መጠቀም የሚነሣውን ጥያቄ ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡ፤ በራሳችሁ ፈርዳችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ሕመም ያለበትም ከሐኪም ሳይማከር አይጀምር።

የአገር ሕግም ዛሬ ረዳት ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በካፌም፣ በምግብ ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። እንደ ድሮው ጢስ በሞላበት ቤት ተቀምጦ መፈተን ግድ አይደለም። የሚያጨሱት ወደ ውጭ ሲወጡ አንተ ከውስጥ ቅር፤ «እኔ አላጨስም፣ ላጫውታችሁ ብቻ» ብለህ አትከተላቸው።

ለቤተሰብ

ሚስት፣ እናት፣ ወንድም የሆናችሁ ይህን አንብቡ። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። ለሃይማኖታቸው ቀናዒ ንጉሥ ነበሩ። ሆኖም ትምባሆ ከኢትዮጵያ አልጠፋም። በፍርሃት የሚተው ሰው መደበቅን ይማራል። ዛሬ ማንም ከንፈር አይቆርጥም፤ ግን «ነግሬህ ነበር፣ አንተ ሰው አትሆንም» የምትለዋ ቃል አለች፤ እርሷም ትቆርጣለች።

የወደቀ ወንድም ላይ ለመፍረድ በተሰበሰበው ጉባኤ አባ ሙሴ ጸሊም የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ ይባላል። ከኋላው እየፈሰሰ የማያየው የራሱ ኃጢአት እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ወንድምየውንም ይቅር አሉት። እንግዲህ ባለቤታችሁ ትቶ ሲመለስ «ስንት ቀን ቆየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በመጀመሪያው ሳምንት ቢነጫነጭ ጠባዩ ተለወጠ አትበሉ፤ ሐራራው ነው፣ ያልፋል። ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ፤ በቤት ውስጥና በልጆች አጠገብ አለማጨስ። የሌላ ሰው ጢስ ሕፃናትን ለሳንባ ሕመምና ለአስም ያጋልጣል፤ ልጆቹ ደግሞ አልመረጡም።

እንዴት ያለ ኃጢአት ነው?

«በፍትሐ ነገሥት ትምባሆ ክልክል ነው የሚል አላየሁም» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሊኖርም አይችልም። ፍትሐ ነገሥት የተሰበሰበው በ13ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው ደግሞ ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ሁሉ ቢፈቀድለት እንኳ ምንም ነገር እንዲሠለጥንበት እንደማይወድ፣ ሰውነታችንም የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደ ሆነ አስተምሮናል (1ቆሮ. 6፥12-19)። ከዚህ በላይ በዚህ ነገር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከፋሲካ በኋላ

ሰው የሚመለሰው መቼ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? በሁዳዴ መካከል ብቻ አይደለም፤ በፋሲካም ነው። 55 ቀን ችሎ ዶሮው ሲቀርብ፣ ጠላውና ቢራው ሲመጣ፣ አንዱ ዘመድ «እንግዲህ ጾሙም ተፈታ» ብሎ ፓኮውን ይዘረጋል። ሰውዬውም ሲጋራን ከሥጋና ከቅቤ ጋር ስለ ቆጠረው አብሮ ይፈታዋል። ሥጋና ቅቤ ግን እግዚአብሔር የባረካቸው ምግቦች ናቸው፤ የምንተዋቸው ለጊዜው ነው። ሲጋራ ከዚያ ማዕድ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ከአሁኑ በልብህ ለይተህ አስቀምጠው።

አባቶች እንደሚተርኩት መጻጉዕ ከዳነ በኋላ በጌታ መከራ ዕለት በጥፊ ከመቱት መካከል ሆኖ ተገኝቷል። 38 ዓመት በአልጋ ላይ ታግሦ፣ ድኖ በእግሩ ሲሄድ ወደቀ። ለዚህ ነው የፋሲካ ሰሞን ከዘወረደ ሳምንት ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው። ያን ዕለት የመጠጡን ነገር ቀንስ፤ ከዘመዶችህ ለአንዱ «ቢሰጡኝ ተከላከልልኝ» ብለህ ንገረው፤ የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ስትወጣም ንስሐ አባትህን አግኝተህ ቀኑን ቁጠርላቸው።

ቢሆንና በማዕዶት ሰኞ ብታጨስስ? አንዲት ሲጋራ አጨስክ እንጂ ወደ ማጨስ አልተመለስክም። የሚመልስህ «አንዴ ተበላሽቷል» ብለህ ፓኮ የገዛህ እንደ ሆነ ነው። የተረፈውን እዚያው ጣለው። ያንኑ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወይ ለንስሐ አባትህ ወይ ለነገርከው ወንድም ደውል። ማታ ጸሎትህን እንደ ወትሮው አድርስ፤ ጠዋት ደግሞ «የዛሬን አስጥለኝ» በል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።